ያለ ኦፕራሲዮን አፍንጫን በፊለር ማስተካከል፦ ወንበሩ ላይ ተቀምጬ ምኑን ነው የማየው?

ጉብታዬ፦

ሰላም እንዴት ናችሁ። አፍንጫዬ መሃል ላይ ትንሽ ጉብታ አለች። ከፊት ብዙም አትታይም። ከጎን ፎቶ ስነሳ ግን ከእኔ ቀድማ የምትገባው እሷ ነች። ዕድሜዬ 27 ነው፣ ከልጅነቴ ጀምሮ ካሜራ ሳይ ፊቴን ቀጥ ማድረግ ልማድ ሆኖብኛል። ኦፕራሲዮን አልፈልግም። ሙሉ ማደንዘዣ የሚባለው ያስፈራኛል፣ ደግሞም ፊቴን በፕላስተር አሽጌ ሁለት ሳምንት ከሥራ የምቀርበት ሁኔታ የለኝም።

አንዲት ጓደኛዬ አምና በፊለር፣ ከቆዳ ሥር በሚወጋ መሙያ ጄል፣ አስተካክላ መጣች። ሩብ ሰዓት አልፈጀም ትላለች። በምሳ ሰዓት ሄዳ ከሰዓት ሥራዋ ላይ ነበረች። እውነቱን ለመናገር ሰልካካ ሆኖላታል። እኔም ቆርጬ ተነስቼ ነበር፤ ከዚያ ማታ ማታ ማንበብ ጀመርኩና "ዓይን ሊያጠፋ ይችላል" የሚል ነገር ላይ ስደርስ እንቅልፌ በነነ። አፍንጫ ላይ የተወጋ መርፌና ዓይን ምን አገናኛቸው?

የምጠይቀው ይህንን ነው። ይሄ ነገር በትክክል ሲሠራ እንዴት ነው የሚሠራው? ጥንቃቄ ያለው ሐኪምና ዝም ብሎ የሚወጋ ሰው በምን ይለያሉ? "ልምድ ያለው ጋ ሂጂ" የሚለውን መልስ ሰምቼዋለሁ። ልምድ እኮ ግንባር ላይ አይጻፍም።


የቆዳ ሐኪም፦

የመጨረሻዋ አባባልሽ እውነት ስለሆነች ረዘም አድርጌ ልመልስልሽ።

መጀመሪያ ስለ ጉብታሽ። ፊለር የሚጨምር እንጂ የሚቀንስ ነገር አይደለም። ከጉብታዋ በላይና በታች ያለው ጎድጎድ ያለ ቦታ ይሞላል፣ ከጎን ሲታይ መስመሩ ቀጥ ይላል። ጉብታዋ ግን የትም አልሄደችም። በልኬት ካየነው አፍንጫሽ እንዲያውም በጥቂቱ ይተልቃል፤ ቀጥ ስላለ ብቻ ነው ያነሰ የሚመስለው። ጫፉ የወረደ ከሆነም ከሥሩ ትንሽ በመደገፍ ቀና ማድረግ ይቻላል። ሰፊ አፍንጫን ማጥበብ፣ ቀዳዳን ማሳነስ፣ ለመተንፈስ የሚያስቸግር የውስጥ ግድግዳን ማቃናት ግን የፊለር ሥራ አይደለም። "አሳንስልሻለሁ" ያለሽ ሰው ካለ ቦርሳሽን ይዘሽ ውጪ።

አሁን ወደ ዓይኑ። የአፍንጫን የላይኛውን ክፍል ደም ከሚያጠጡት ቧንቧዎች አንዱ ከዓይን ጉድጓድ ወጥቶ በአፍንጫ ጎን የሚወርድ ነው። መነሻው ራሱን ዓይንን የሚመግበው ቧንቧ ነው። መርፌው ሳይታወቅ እዚያ ውስጥ ቢገባና ሐኪሙ ሲሪንጁን በኃይል ቢገፋው ጄሉ የደሙን ግፊት አሸንፎ ወደ ኋላ ይሄዳል። መነሻው ድረስ። ሐኪሙ መግፋቱን ሲያቆም ደሙ ጄሉን መልሶ ወደ ፊት ይነዳዋል፤ በዚህ ጊዜ ሬቲናን (ዓይን ውስጥ ብርሃን የሚቀበለውን ስስ ንጣፍ) ወደሚመግበው ቀጭን ቧንቧም ሊገባ ይችላል። ሬቲና ያለ ደም ከአንድ ሰዓት፣ ቢበዛ ከአንድ ሰዓት ተኩል በላይ አይታገሥም። ከዚያ በኋላ የጠፋ እይታ በአብዛኛው ጠፍቶ ይቀራል።

መጠኑን እንድትረጂው አንድ ቁጥር ልንገርሽ። በአስከሬን ላይ የተሠራ ጥናት አለ። በቅንድብ መሃል ከሚያልፈው ቧንቧ አንስቶ እስከ ዓይን ጉድጓድ ጥግ ድረስ ያለው መንገድ በአማካይ የሚይዘው 0.085 ሚሊ ሊትር ብቻ ነው። ሁለት ጠብታ አይሞላም። በአንድ ጊዜ ከ0.1 ሚሊ ሊትር በላይ አይወጋ የሚባለው ለዚህ ነው።

ምን ያህል ያጋጥማል ካልሽ፣ እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ አንድ ጥናት እስከዚያ ድረስ በሕክምና ጽሑፎች ላይ የወጡ 98 ከፊለር በኋላ እይታቸው የተጎዳ ሰዎችን ሰብስቦ ነበር። ከሁሉም ቦታ ይልቅ ብዙ ጉዳት የደረሰው ቅንድብ መሃል ሲወጋ ነው፣ አፍንጫ ሁለተኛ ነበር። ያው ጥናት በ2019 ሲታደስ 48 አዳዲስ ሰዎች ተጨመሩ፤ አፍንጫ ከግማሽ በላዩን ይዞ አንደኛ ወጣ። በየዓመቱ ከሚሠራው ብዛት ጋር ሲተያይ ኢምንት ነው። ቢሆንም የአፍንጫ ፊለርን ከከንፈርና ከጉንጭ ጋር እኩል አድርጎ የሚያወራ ሰው ሥራውን አያውቀውም ማለት ነው።

እንግዲህ ወደ አሠራሩ። አፍንጫ ንብርብር ነው። ከላይ ቆዳ፣ ከሥሩ ስብ፣ ከዚያ ስስ ጡንቻ፣ ከሁሉም በታች አጥንትና ካርቲሌጅ (ለስላሳው አጥንት)። ዋና ዋናዎቹ የደም ቧንቧዎች በአብዛኛው ከጡንቻው በላይ ነው የሚጓዙት። ስለዚህ ጠንቃቃ ሐኪም ጠልቆ፣ አጥንቱን ወይም ካርቲሌጁን ነክቶ፣ መሃል መስመሩን ይዞ ነው የሚያስቀምጠው። ወደ ጎን ወይም ላይ ላዩን የሚወጋ ከሆነ ቧንቧዎቹ ሰፈር ገብቷል። መሃሉም ቢሆን ሙሉ ዋስትና የለውም፤ አንዳንዱ ሰው ላይ ቧንቧው መሃሉን አቋርጦ ያልፋል። አሁን አሁን መጀመሪያ በአልትራሳውንድ አይተው የሚወጉ ሐኪሞች አሉ። ካገኘሽ እሰየው።

መርፌ ይሻላል ካኑላ የሚለው ክርክር እኛው ውስጥም አላለቀም። ካኑላ ጫፉ ደነዝ የሆነ ቀጭን ቱቦ ነው። ወፈር ያለው፣ 22 ወይም 25 ቁጥር (ቁጥሩ ሲጨምር ቱቦው ይቀጥናል)፣ ቧንቧ ሲያገኝ ገፋ አድርጎት ያልፋል። በጣም የቀጠነው ግን እንደ መርፌ ይበሳል፣ "ካኑላ ስለሆነ አትጨነቂ" ቢሉሽ ቁጥሩን ጠይቂ። መርፌ በበኩሉ አንድ ነጥብ ላይ አነጣጥሮ ለማስቀመጥ ይመቻል። ሁለቱንም በደንብ የሚሠሩ ሰዎች አውቃለሁ፣ ሁለቱንም የሚያበላሹም እንደዚያው።

ሌላኛው እጁ ምን እያደረገ እንደሆነ እይ። እኔ ይሄንን ነው የማየው ተማሪ ሲሠራ። የሚወጋበት እጅ የታወቀ ነው፣ ሁለተኛው ግን ሥራ ካልፈታ ጥሩ ምልክት ነው፦ በአውራ ጣትና በሌባ ጣት የአፍንጫሽን ሁለት ጎን ከዓይንሽ ማዕዘን አጠገብ ጫን ብሎ ይይዛል፣ ቧንቧዎቹን ለጊዜው ይዘጋቸዋል፣ ጄሉም ወደ ጎን እንዳይሸሽ ያግደዋል። ከመግፋቱ በፊት ሲሪንጁን ወደ ኋላ ስቦ ደም መምጣት አለመምጣቱን ያያል። ደም ከመጣ ይወጣል። ካልመጣ ደግሞ "ነጻ ነኝ" ብሎ አይዝናናም፤ ጄሉ ወፍራም ስለሆነ ቧንቧ ውስጥ ሆኖም ደም ላይመለስ ይችላል። ከዚያ በትንሽ በትንሹ፣ ቀስ እያለ። ጠብ አድርጎ ይቆማል። ቆዳሽን ያያል፣ በጣቱ ተጭኖ ይለቅቃል፣ ቀለሙ እስኪመለስ ይጠብቃል፣ ደግሞ ይቀጥላል። ለሙሉው አፍንጫ ብዙ ጊዜ ከ1 ሚሊ ሊትር በላይ አያስፈልግም። ወሬ እያወራ ሲሪንጁን በአንድ ትንፋሽ የሚጨርስ ሰው ፈጣን ሊሆን ይችላል፣ ለአፍንጫ ግን አይሆንም።

ሰው የማይጠይቃት አንዲት ትንሽ ነገር አለች። አድሬናሊን የተቀላቀለበት ማደንዘዣ ቆዳውን ራሱ ያነጣዋል። ያኔ ደም መዘጋቱን በምን ታውቂዋለሽ?

አሁን ዋናው። የሚወጋብሽ ሃያሉሮኒክ አሲድ የሚባለው የፊለር ዓይነት ብቻ ይሁን። የሚያሟሟው ኢንዛይም አለ፣ ሃያሉሮኒዴዝ ይባላል። ችግር ሲመጣ መመለሻ ያለው ይሄ ብቻ ነው። ካልሲየም ያለባቸው ፊለሮች፣ ለዘለዓለም የሚቀሩት፣ ፈሳሽ ሲሊኮን፣ እነዚህን ሃያሉሮኒዴዝ አይነካቸውም። እና "ሃያሉሮኒዴዝ አለህ ወይ?" ብሎ መጠየቅ ብቻውን አይበቃም። ስንት ብልቃጥ፣ ስንት ዩኒት፣ አሁን እዚህ ክፍል ውስጥ ነው ወይስ "እናስመጣለን" ነው? ብልቃጡ በአንዱ አገር 150 ዩኒት ነው፣ በሌላው 1500። የተዘጋ ቧንቧ ለመክፈት ደግሞ እንደ ስፋቱ ከ500 ዩኒት ጀምሮ እስከ 1500፣ ያውም በየሰዓቱ እየተደገመ ሊፈለግ ይችላል። አንድ የ150 ብልቃጥ ይዞ አፍንጫ የሚወጋ ሰው በአንድ ባልዲ ውኃ ቤት ሊያጠፋ የተዘጋጀ ሰው ነው።


መነጽራሙ፦

እኔ ካደረግኩት ስምንት ወር ሊሆነኝ ነው። ለኔ ጥሩ ነው የሆነው። በልጅነቴ ኳስ መትቶኝ መሃሉ ገባ ያለ ነበር፣ እሱን ሞሉልኝ። ሲወጋ ብዙም አያምም፣ ግፊት ብቻ ነው የሚሰማህ፣ ዓይን ግን ያለቅሳል፤ ሳላስበው እንባዬ በጆሮዬ ወረደ።

ያልተዘጋጀሁበት መነጽሩ ነበር። ለሁለት ሳምንት አፍንጫዬ ላይ እንዳላሳርፍ ተነገረኝ፣ ጄሉ ገና ለስላሳ ስለሆነ ይጎደጉዳል ተባልኩ። ያለ መነጽር ደግሞ አውቶቡስ ቁጥር አላነብም። ስለዚህ መነጽሬን በፕላስተር ግንባሬ ላይ አንጠልጥዬ ነበር የምሠራው። መሥሪያ ቤት ያልሳቀብኝ ሰው የለም። መነጽር የምታደርጉ ሰዎች ቀድማችሁ አስቡበት፣ ሌንስ የሚደረግላችሁ ከሆነ እሱ ይሻላል።


ጠባሳዋ፦

ጉብታዬ እህቴ፣ ላስፈራራሽ አይደለም፣ የኔን ስሚና የራስሽን ወስኚ።

የኔ ጫፉ ላይ ነበር። የሠራልኝ ሰው ሐኪም ይሁን አይሁን እስከ ዛሬ አላወቅኩም፣ ነጭ ጋውን ለብሷል፣ ክፍሉ ያምራል፣ እኔም ከዚያ በላይ አልጠየቅኩም። ስም አልጠራም። ሲጨርስ መስታወት ሰጠኝ፣ ደስ አለኝ፣ ወጣሁ።

ማታ ላይ ያመኝ ጀመር። የመርፌ ሕመም አይደለም፣ ልብ ሲመታ አብሮ የሚመታ ዓይነት ነው። ደወልኩለት። "እብጠት ነው፣ በረዶ ያዢበት" አለኝ። ያዝኩበት። በማግስቱ ጠዋት መታጠቢያ ቤት ውስጥ በስልኬ መብራት ሳየው ጫፉና በስተቀኝ ያለው ክንፉ ላይ መረብ የመሰለ ሐምራዊ መስመር አለ። ፎቶ አንስቼ ላኩለት። "መበለዝ ነው" አለኝ። በሦስተኛው ቀን ነጭ ነጭ የመግል ነጠብጣቦች ወጡ። ብጉር መስሎኝ ላፈርጠው ነበር! እህቴ ናት ጎትታ ሌላ ሐኪም ጋ የወሰደችኝ። ሐኪሟ ገና በሩ ላይ እንዳየችኝ ጓንት አጠለቀች። ያን ቀን ስንት ጊዜ እንደተወጋሁ አልቆጠርኩም፣ በየሰዓቱ ነበር፣ እያሸች፣ በሞቀ ፎጣ እየያዘች። በረዶ ቧንቧውን የባሰ እንደሚያጠብበው ያኔ ነው የገባኝ።

አፍንጫዬ ተረፈ። ጫፉ ላይ የምስር ፍሬ የምታክል ጠባሳ አለች፣ በሜካፕ ትሸፈናለች። እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ መወጋቴ አይደለም። ሁለት ቀን ሙሉ "እብጠት ነው" ስባል ማመኔ ነው።


የቆዳ ሐኪም፦

ጠባሳዋ፣ እግዚአብሔር ይማርሽ። የጻፍሽው ከኔ ረጅም መልስ ይበልጣል። የአፍንጫ ጫፍና ክንፎቹ የሚጠጡት ከመጨረሻዎቹ ቀጫጭን ቧንቧዎች ነው፣ አንዱ ሲዘጋ የሚተካው ጎረቤት ብዙም የለም። ለዚህ ነው ብዙዎቻችን ጫፉን በጣም በጥቂቱ የምንነካው ወይም ጭራሽ የምንተወው።

በሷ ታሪክ ላይ አንድ ነገር ልጨምር፣ መጻሕፍቱ ብዙ ጊዜ የሚረሱት ስለሆነ። ምልክቶቹን የሚገልጹት ነጭ ቆዳ ላይ ነው። "ቆዳው ይነጣል፣ መረብ ይሠራል" ይላሉ። ጠይም ወይም ጥቁር ቆዳ ላይ ንጣቱም መረቡም ደብዝዞ ሊያልፍ ይችላል፣ አመድ የነካው ወይም ከወትሮው የጠቆረ ብቻ ሊመስል ይችላል። ስለዚህ በቀለም ብቻ አትተማመኑ። ጣታችሁን አምስት ሰከንድ ያህል ተጫኑና ልቀቁ፤ ቀለሙ በሁለት ሰከንድ ውስጥ መመለስ አለበት። ከጉንጫችሁ ጋር አስተያዩት። ቀዝቅዟል ወይ? ሕመሙ እየባሰ ነው ወይስ እየቀነሰ? ብዙዎቹ ፊለሮች ማደንዘዣ የተቀላቀለባቸው ስለሆኑ የመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ሕመም ላይኖር ይችላል፣ ማታ ላይ የሚጀምረው እሱ ነው የሚያሳስበው።

ዓይን ከሆነ ደግሞ ፈተና የለም፣ ጥበቃ የለም። እየተወጋችሁ ወይም ከተወጋችሁ በኋላ በድንገት እይታ ቢጠፋ ወይም ቢደበዝዝ፣ ዓይን ውስጥ ኃይለኛ ሕመም ቢመጣ፣ የዓይን ቆብ ወደ ታች ቢወርድ፣ አንዱ ሁለት ሆኖ ቢታይ፣ በዚያው ደቂቃ የዓይን ሐኪም ያለበት ድንገተኛ ክፍል። ስትደርሱም መጀመሪያ የምትናገሩት "ፊለር ተወግቻለሁ፣ በዚህ ሰዓት" የሚለውን ነው።


ርካሽ መፍትሔ፦

እኔ ግን መርፌ የሌለው በግፊት ጄሉን የሚያስገባ ብዕር መሳይ ነገር ኦንላይን አይቻለሁ። ሃያሉሮን ፔን ይሉታል። መርፌ ስለሌለው ቧንቧ አይወጋም ይላሉ። ቤት ውስጥ ራስ በራስ መሥራት ይቻላል የሚል ቪዲዮም አለ። ይሄስ አይሻልም?


ነርስ ነኝ፦

ወንድሜ በፈጠረህ እንዳታደርገው።

የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት መቆጣጠሪያ መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2021 ስለዚህ ዕቃ ማስጠንቀቂያ አውጥቷል፤ ሕዝቡም ባለሙያውም ፊለር ለመወጋት እንዳይጠቀምበት። መርፌ የለውም ማለት ግፊት የለውም ማለት አይደለም፣ እንዲያውም ሥራው ሁሉ በግፊት ነው። ጄሉ የት ጥልቀት ላይ እንደሚያርፍ የምትቆጣጠርበት መንገድ የለም። ዶክተሩ ከላይ የጻፉትን አስታውስ፦ ጥልቅ፣ ቀስ፣ በጥቂቱ። ይሄ ዕቃ ላይ ላዩን፣ ባንዴ፣ በኃይል ነው። ጄሉ ራሱ ምን እንደሆነ፣ ንጹሕ ይሁን አይሁን ማን ያውቃል? ክሊኒክም ቢሆን ሳጥኑ ፊታችሁ ይከፈት። ስሙን፣ የምርት ቁጥሩንና የሚያበቃበትን ቀን ፎቶ አንሱት። ሐኪም የሚበሳጭበት ነገር አይደለም፣ ከተበሳጨም መልስ ነው።

በራስህ እጅ በመስታወት እያየህ አፍንጫህን መውጋት ደግሞ... ልተወው።


አንድ ጊዜ ይበቃኛል፦

ኧረ ሰዎች፣ በየዓመቱ ከመወጋት አንድ ጊዜ ኦፕራሲዮን አድርጎ መገላገል አይሻልም? እኔ አድርጌዋለሁ፣ አልቆጨኝም። ሁለት ሳምንት አበጥኩ፣ ከዚያ አለቀ። አሁን ጫፉ ላይ ትንሽ ያልተስተካከለች ነገር ስላለች እሷን በፊለር ላስሞላ ነው።


የቆዳ ሐኪም፦

"አለቀ" ካልክ በኋላ ላስሞላ ነው ማለትህ አሳቀኝ፣ ይቅርታ።

ከኦፕራሲዮን ጋር ማወዳደርህ ግን ልክ ነው። ፊለር እንደ ሰውየውና እንደ ጄሉ ከ6 እስከ 18 ወር ይቆያል ይባላል። የሚባለውን ያህል ቶሎም አይጠፋም፤ በኤምአርአይ ከዓመታት በኋላ ቅሪቱ የታየባቸው ሰዎች አሉ። በቀን መቁጠሪያ እየቆጠሩ "ዓመት ሞላኝ" ብለው በላይ በላዩ የሚያስሞሉ ሰዎች ቀስ በቀስ አፍንጫቸው ይሰፋል፣ መጨረሻ ላይ የሸሹት ደፍጣጣነት መልሶ ይመጣል። ለረጅም ጊዜ የሚያስብ ሰው ኦፕራሲዮንን ከቁጥር ውስጥ ማስገባት አለበት። ማደንዘዣ አለው፣ ማገገሚያ አለው፣ አንዳንዴ ድጋሚም ይሠራል፤ የሚቀንሰውን የሚቀንሰው ግን እሱ ብቻ ነው።

ያንተ ጉዳይ ላይ ግን ቆም በል። ኦፕራሲዮን የተሠራ አፍንጫ ላይ ፊለር ከሁሉም አደገኛው ነው። የደም ቧንቧዎቹ ቦታቸው ተቀይሯል፣ አንዳንዶቹ የሉም፣ ንብርብሮቹ በጠባሳ ተያይዘዋል። "መሃል፣ ጥልቅ" የሚለው ካርታ ለአንተ አይሠራም። ቆዳው ስለማይለጠጥም ትንሿ ጄል ቧንቧ ልትጫን ትችላለች። መጀመሪያ ኦፕራሲዮኑን የሠራህን ሐኪም አማክር።

ከርዕሱ ትንሽ ልውጣ። አፍንጫን በመርፌ መሙላት የዘመናችን ፈጠራ የሚመስላቸው ብዙ ናቸው። በ1900 አካባቢ ሐኪሞች የቀለጠ ፓራፊን፣ የሻማው ዓይነት፣ አፍንጫ ውስጥ ይወጉ ነበር። ኋላ የማርልቦሮ ዱቼስ የሆነችው ግላዲስ ዲከን በቁንጅናዋ የታወቀች ነበረች፣ በ22 ዓመቷ አፍንጫዋ ቀጥ እንዲል ብላ ፓራፊን ተወጋች። ሰሙ ከቦታው ተንሸራትቶ ወደ አገጯ ወረደ። ፊቷ በዚያው ቀረ። የሚያሟሟው ነገር አልነበረማ። መመለሻ የሌለውን ነገር አትወጉ የምለው ለዚህ ነው።


ጉብታዬ፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፣ ዶክተር በተለይ እርስዎን። ጠባሳዋ፣ አንቺን ደግሞ አቅፌሻለሁ።

ሳምንቱን ሁለት ቦታ ሄድኩ። የመጀመሪያው ጓደኛዬ የሠራችበት ነው። ሰውየው ትሁት ነው፣ ሥራውም ያምራል፣ በጓደኛዬ አይቼዋለሁ። ጥያቄዎቼን ወረቀት ላይ ጽፌ ነበር የሄድኩት። ሃያሉሮኒዴዝ አለ ወይ ስለው "እንዴታ" አለ። ላየው እችላለሁ ስለው ትንሽ ዝም አለና ረዳቷን ላካት። እሷም ሄዳ ቆየች። ይዛ የመጣችው አንድ ብልቃጥ ነው፣ ጊዜው ካለፈ አራት ወር ሆኖታል። ሰውየው ራሱ ደነገጠ፣ "እስካሁን አስፈልጎኝ ስለማያውቅ እኮ ነው" አለኝ። የጓደኛዬን አፍንጫ አሰብኩ። አመስግኜው ወጣሁ።

ሁለተኛዋ ጋ ስሄድ ገና ሳልጠይቅ ነገሩኝ፤ ስንት ብልቃጥ እንዳላቸው፣ ዓይን ላይ ችግር ቢመጣ የትኛው የዓይን ሐኪም ጋ እንደሚደውሉ፣ ማታ ቢያመኝ እኔ ማን ጋ እንደምደውል። ከጎን ፎቶ አነሱኝና ጉብታዋን ከላይና ከታች በእስክሪብቶ እያሳዩ የሚቀየረውንና የማይቀየረውን አስረዱኝ። ከዚያ የጤና ጥያቄ ጀመሩ። ነፍሰ ጡር ነሽ፣ ጡት ታጠቢያለሽ፣ አለርጂ አለብሽ፣ ንብ ነድፎሽ ያውቃል። ንቡ ምን አገባው ብዬ ሳቅኩ። የንብ መርዝ አለርጂ ያለበት ሰው ሃያሉሮኒዴዝም ሊያስቆጣው ይችላል አሉኝ። አስፕሪን ትወስጃለሽ። ጥርስሽን እየታከምሽ ነው?

እየታከምኩ ነው። መንጋጋዬ ሥር መግል ይዟል፣ መድኃኒት ላይ ነኝ።

ፋይሉን ዘጉት። ፊት ላይ ኢንፌክሽን ካለ አይወጋም፣ ጥርሱ አልቆ ሁለት ሳምንት ይለፈው አሉኝ። ትንሽ ተናደድኩ፣ እውነቱን ልንገራችሁ፣ ያን ቀን ለመሠራት ፀጉሬን ሁሉ አስይዤ ነበር የሄድኩት። ዶክተር፣ ሁለት ሳምንቱ የሚቆጠረው መድኃኒቱን ከጨረስኩበት ነው ወይስ ጥርሱ ከተሞላበት?


የቆዳ ሐኪም፦

ከሁለቱ መጨረሻ ከሆነው። እሷ ጋ ተመለሺ።